ሚሽኑ አለቀ፣ ቀጣዩ አልተከፈተም

ቤቱ ጸድቷል። ታፍና የነበረችው ሴት በሕይወት ወጥታለች። ከቡድናችን የተጎዳ የለም። ተጠርጣሪው ሽጉጡን ወደ እኛ ሲያዞር አንዱ ባልደረባዬ መትቶ ጥሎታል፣ ያውም ደንቡን ጠብቆ። ስክሪኑ ላይ ሚሽኑ ተጠናቋል ይላል። ቀጣዩ ሚሽን ግን እንደተቆለፈ ነው።

አጠገቤ ሶፋው ላይ የተቀመጠው የእህቴ ልጅ ግራ ገባው። «አጎቴ፣ ጨረስከው እኮ! ለምን አይከፍትልህም?»

ልጁ 15 ዓመቱ ነው። ሜሪላንድ ተወልዶ ሜሪላንድ ያደገ። አማርኛው ግን ጥሩ ነው፤ ያሳደገችው አያቱ ናት። እሱ የለመዳቸው ጌሞች የገደልከውን ይቆጥሩልሃል። ብዙ በገደልክ ቁጥር አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ልብስ ይከፍቱልሃል። ይሄ ግን ስዋት 4 ነው፤ ስዋት የሚባለውን የአሜሪካ ፖሊስ ልዩ ኃይል ሆነህ የምትጫወተው፣ በ2005 የወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ በዕድሜ እሱን የሚበልጥ ጌም። ግራፊክሱን ሲያይ ስቋል። ትንሽ ቆይቶ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። እሱ ምናልባት ረስቶታል። እኔን ግን መኪና ስነዳም፣ ሥራ ቦታም አልለቅ ብሎኛል።

## 95

መጀመሪያ ለምን እንዳልተከፈተልን ላስረዳ፤ ያለሱ ቀሪው አይገባም።

ስዋት 4 እያንዳንዱን ሚሽን እንደ ድሮ አስተማሪ ከ100 ያርማል። ቀላሉን ደረጃ ከመረጥክ ምንም ብታመጣ ታልፋለህ። ኖርማል ላይ 50 ይጠይቃል፤ ሃርድ ላይ 75። ኤሊት የሚባለው ላይ 95። ያን ካላመጣህ የታፈነውን ሁሉ አስፈትተህ ብትወጣም በሩን አይከፍትልህም።

ጉዱ ያለው ነጥቡ በሚሰጥበትና በሚቀነስበት መንገድ ላይ ነው። በሕይወት የተያዘ ተጠርጣሪ ከሞተው የበለጠ ያስገኛል፤ ግድያው ትክክል ቢሆን እንኳ። መሣሪያውን ወደ ሰው ያላነጣጠረን መምታት ጥፋት ነው። ሰውየው ጠመንጃ ይዞ ቢሮጥም ያው ጥፋት ነው። መጀመሪያ መጮህ አለብህ፤ ፖሊስ መሆንህን ተናግረህ፣ እጅህን አንሣ ብለህ። ከዚያ ያሰርከውን፣ የቆሰለውን፣ የሞተውን ሁሉ አንድ በአንድ ለማዘዣ ጣቢያው በሬዲዮ ማሳወቅ አለ። መሬት ላይ የወደቀውን መሣሪያ ማንሣትም አለ። አንድ ሽጉጥ ከሶፋ ሥር ረስተህ ከወጣህ ኤሊት ላይ ልታጣት ከምትችለው ከዚያችው ከ5 ነጥብ ላይ ይበላሃል።

ስለዚህ ኤሊት ላይ የሚጫወት ሰው ቀስ ይላል። በር ከመክፈቱ በፊት ቀጭኗን ካሜራ በበሩ ሥር አሾልኮ ያያል። ከኋላው የተወውን በር እንዳይከፈት በሽብልቅ ይይዘዋል። በጥይት ፋንታ ጣይ እንጂ ገዳይ ያልሆነ ከረጢት የሚተኩሰውን ሾትገን ይይዛል። ቤቱን በቃል መሸምደድም አያዋጣም፤ ሚሽኑን እንደገና ስትጀምር ሰዎቹ ሌላ ክፍል ውስጥ ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን እዚህ በቁጥር ታየዋለህ። ልዩነቱ፣ እዚህ ያፈሰሰች መልቀም አይፈቀድላትም፤ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ታሪኩን ለሚያውቅ ደግሞ ምጸት አለበት። የስዋት ጌሞች የመጡት ፖሊስ ክዌስት ከሚባለው ተከታታይ ነው። የ1993ቱ ፖሊስ ክዌስት የወጣው በዳሪል ጌትስ ስም ነበር። ጌትስ ከ1978 እስከ 1992 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ ነበር፤ ፖሊሶቹ ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር ሰው ከደበደቡና ያ ጉዳይ ካስነሣው ከ1992ቱ የከተማዋ ረብሻ በኋላ ነው ከሥልጣን የወረደው። እንግዲህ የእሱ ስም ካለበት የዘር ሐረግ ነው ሳታስጠነቅቅ ከተኮስክ ነጥብ የሚቀንስ ጌም የተወለደው።

ይሄን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። «ታዲያ ለምን ቀላሉ ላይ አታደርገውም?» አለኝ። ሳቅሁና ኪቦርዱንና ማውሱን አቀበልኩት።

## የፌርፋክስ እናት

ያለንበት ሚሽን ፌርፋክስ የሚባለው ቤት ነው። ስዋት 4ን የተጫወተ ሁሉ ያስታውሰዋል። አንድ ሴቶችን የሚያፍን ሰው ከእናቱ ጋር ይኖራል። ምድር ቤቱን፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን የጀሶ ፊቶች መተረክ አልፈልግም። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ እሱ ነው፤ እኔን ያቆመኝ ግን ሌላ ነው።

በዚህ ጌም ቤት ውስጥ ያገኘኸው ሰው ሁሉ ይታሰራል። ታጋቹም፣ ንጹሑም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገና የገባ ፖሊስ ማን ማን እንደሆነ አያውቅም። ሁሉንም አስሮ ኋላ ይለያል። እናትየዋም ትታሰራለች።

ልጁ በሩን ከፈተ። አሮጊቷ ክፍሉ መሀል ቆማለች። ጮኸባት። ዝም። ደግሞ ጮኸ። እጇን አላነሣችም። በጌሙ ውስጥ እንደዚህ ሲሆን ብዙ መንገድ አለህ። ዓይን ላይ የሚረጨው አለ፤ ኤሌክትሪኩ አለ። እኔ በልጅነት ዕድሜዬ ስጫወት ሳላስብ እረጭ ነበር፤ ነጥብ እስካልቀነሰ ድረስ ማን ያስባል?

ልጁ ግን እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ።

«አጎቴ፣ አልሰማችም እኮ።»

«ጨዋታ ነው። ድገመውና ጩህባት፤ በመጨረሻ ትንበረከካለች።»

«አይ፣ ፈርታለች።» ትንሽ ዝም አለና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማስ? እንግሊዝኛ አትችልም። እንዲህ ብለው ቢገቡባት ምን ታደርጋለች?»

እማማ የሚላት እናቴን ነው። በዚያ ሰዓት ከእኛ በአንድ ግድግዳ ማዶ፣ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

## ነጠላ

ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። የከበደኝም እሱ ነው።

እናቴ በር ሲንኳኳ አትደበቅም። እንግዳ ነው ብላ ነው የምታስበው። ብድግ ትላለች፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ወደ በሩ ትሄዳለች። ነጠላዋን ስታስተካክል እጆቿ ሁለቱም ጨርቁ ውስጥ ይገባሉ። ፖሊስ «እጅሽን አሳዪ» ብሎ ሲጮህ የምትሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው። ሰው ሲጮህ ደግሞ እሷ ወደ ጮኸው ሰው ትቀርባለች፤ ምን ሆነ ብላ። እጇ ጨርቅ ውስጥ ሆኖ ወደ ታጠቀ ሰው የምትቀርብ ሴት። በማንኛውም የፖሊስ ሥልጠና ይሄ ምን ተብሎ እንደሚጠራ መገመት አይከብድም።

እኔ ይሄን ጌም ስጫወት ዓመታት አልፈዋል። ሁልጊዜ የቆምኩት ከበሩ በአንድ ወገን ነው። በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ የሚከፈትበት ሌላ ሰው ነው። ልጁ ግን ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ማውሱን እንደያዘ፣ ክፍሉ ውስጥ ነበር። እናቱ ስለ ፖሊስ ስትነግረው ነው ያደገው። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ 15 ዓመት ከ9 ወር ሲሞላው የመንዳት ልምምድ ፈቃድ ማውጣት ይችላል፤ ያቺ ቀን እየቀረበች ስትመጣ ምክሩም በዝቷል። ፖሊስ ካስቆመህ ሞተሩን አጥፋ። እጅህን መሪው ላይ አድርግ። ወረቀት ልታወጣ ስትል ቀድመህ ተናገር። እህቴ ይሄን ስትለው ድምፅዋ ሌላ ነው። አሜሪካ የሚኖር ጥቁር ልጅ ያላት እናት ሁሉ ይሄን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ከአዲስ አበባ ትምጣ ከአትላንታ።

አያያዝ ነው ነገሩ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንደሚባለው። ችግሩ፣ እናቴ ያለችበት ክፍል ውስጥ አነጋገሩን አንዱ ወገን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሕጉ አነበብኩ። ጌሙ ከየት እንዳመጣው ማወቅ ፈልጌ ነው። በ1974 ሜምፊስ ውስጥ አንድ ፖሊስ አጥር ላይ ወጥቶ የሚያመልጥ ልጅን ከኋላው ተኩሶ ገደለ። ልጁ መሣሪያ አልያዘም። 15 ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን ሳነብ ስልኩን አስቀመጥኩት። በ1985 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚሁ ጉዳይ፣ ፖሊስ የሚሸሽን ሰው ለመግደል መተኮስ የሚችለው ሰውየው ለሰው ሕይወት ወይም አካል በጽኑ የሚያሰጋ ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። በ1989 ደግሞ ሌላ ውሳኔ መጣ። የፖሊስ ኃይል መጠቀም የሚመዘነው በቦታው በነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ዓይን ነው፤ ኋላ በታወቀው ነገር አይደለም አለ።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጌሙ ከሕጉ ይጠነክራል። ሕጉ ምክንያታዊ ፖሊስ ቢሆን ምን ይመስለው ነበር ብሎ ይጠይቃል፤ ጌሙ ግን ምን ነበር ብሎ ነው የሚጠይቀው። ኮምፒውተሩ የሽጉጡ አፍ ወዴት እንደዞረ ያውቃል። አሮጊቷ እጇን ያላነሣችው ስለፈራች መሆኑንም ያውቃል። «መሰለኝ» ብትለው አይሰማህም። ነጠላ ለብሳ የምትመጣ ሴት ብትኖርበት ኖሮ፣ በመሰለኝ የተኮሰባት ሰው ሌላ በር አይከፈትለትም ነበር።

ውጭ ያለው ዓለም እንዲህ ሁሉን የሚያውቅ አራሚ የለውም። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ ከተማ፣ ሌላው ኦሃዮ ሆነው፣ በኮል ኦፍ ዲዩቲ ጨዋታ በአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ውርርድ ተጣሉ። ነገሩ ሎስ አንጀለስ ወዳለ ሌላ ሰው ዞረ። እሱም ፖሊስ ጋ ደውሎ ሰው ገድያለሁ፣ ሌሎችንም አግቻለሁ ብሎ ዋሸ። የሰጠው የዊቺታ አድራሻ ከጨዋታው ጋር ምንም ንክኪ የሌለው የ28 ዓመት ሰው ቤት ነበር። ሰውየው ውጭ ያለውን መብራት አይቶ በሩን ከፈተ። ከመንገዱ ማዶ የቆመ ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። ሐሰተኛው ደዋይ በ2019 የ20 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የሞተው ሰው ያደረገው ነገር ቢኖር በሩን መክፈት ነው። እናቴ የምታደርገውን ነገር።

## ቶሎ ግቡ የሚባልበት ክፍል

እዚህ ላይ ሐሳቤን ብቋጨው ደስ ይለኝ ነበር። ቀስ ይበሉ፣ ይታገሡ፣ ይጩሁ፣ ይጠብቁ ብዬ። ልጁ ግን አላስቋጨኝም።

ስዋት 4 ሲሰለቸው ሬዲ ኦር ኖት የሚባለውን እንድገዛለት ጠየቀኝ። በቮይድ ኢንተርአክቲቭ የተሠራ፣ በታኅሣሥ 2021 ለሙከራ ወጥቶ በታኅሣሥ 2023 የተጠናቀቀ ጌም ነው። የስዋት 4 የመንፈስ ልጅ ነው ቢባል ማንም አይከራከርም። ሎስ ሱዌኞስ በምትባል ምናባዊ ከተማ ውስጥ ነው። እሱም ነጥብ ይሰጣል፤ በፊደል ነው እንጂ። ግን ነጥቡ በሩን አይቆልፍም። ሚሽኑን ከጨረስክ ቀጣዩ ይከፈታል፤ ጥሩ ፊደል የሚያስገኝልህ ክብርና ጌጣጌጥ ነው። በዚያ ፋንታ የቡድንህ አባላት ይጨነቃሉ። ሰው በገደላችሁ፣ ጓድ በቆሰለ ቁጥር ጭንቀታቸው ይጨምራል፤ ጭራሽ ሥራውን ጥሎ የሚሄድም አለ። ብልህ አሠራር ነው። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር የድሮው ደረቅ ቁጥር ይሻለኛል። የባልደረባዬ ጭንቀት የእኛን ወገን ነው የሚያሳየኝ። 95ቱ ግን ማዶ ያለችውን አሮጊት ወክሎ የሚከራከር ይመስለኛል።

ከዚህ ጌም ሚሽኖች አንዱ «ኤለፋንት» ይባላል። ኮሌጅ ውስጥ ተማሪዎች ላይ የሚተኩሱ አሉ። እዚያ በር ሥር ካሜራ እያሾለክህ ብትዘገይ፣ ከኮሪደሩ ማዶ የተኩስ ድምፅ ትሰማለህ። እያንዳንዱ ድምፅ ሰው ነው። እኔ በለመድኩት መንገድ ቀስ አልኩ። ልጁ ብድግ አለ። «ግባ! አጎቴ ግባ! ምን ትጠብቃለህ?»

ያ ልጅ ያው አሮጊቷ ላይ እጁን ከማውሱ ያነሣው ነው። አሁንም ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው። ይሄን ክፍል ከሌላው ይበልጥ ያውቀዋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ሲለማመዱት ነው ያደጉት፤ መብራት አጥፍቶ፣ በር ቆልፎ፣ ጥግ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ። ግንቦት 2022 ቴክሳስ፣ ዩቫልዴ፣ አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲተኩስ ፖሊሶች ከክፍሉ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመው ጠብቀዋል፤ ገዳዩ እስኪገደል 77 ደቂቃ ሄዷል። 19 ሕፃናትና ሁለት መምህራን ሞቱ። ከ1999ኙ የኮለምባይን ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ እኮ የአሜሪካ ፖሊስ የተማረው ትምህርት ይሄ ነበር፤ ልዩ ኃይል እስኪመጣ አትጠብቅ፣ የደረስከው ግባ የሚለው።

ስለዚህ ትዕግሥት ብቻውን መልስ አይደለም። አንዱ በር ላይ መዘግየት ሕይወት ነው፤ ሌላው በር ላይ መዘግየት ሞት። በጌሙ ውስጥ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሚሽኑ ሳይጀምር ተነግሮሃል፤ ዊቺታ ላይ ደግሞ አስቀድሞ የተነገረው ውሸት ነበር። የልጁ ብልጠት፣ እሱ ብልጠት መሆኑን ባያውቀውም፣ ሁለቱም ጊዜ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። ውስጥ ያለው ሰው አሁን ምን ይፈልጋል? እኔ ከነጥቤ አልፌ ይሄን ጠይቄ አላውቅም።

እህቴ ጌሙን አትወደውም። «ፖሊስ ፖሊስ መጫወቱ ምን ይጠቅመዋል?» ትላለች። ከእሷ ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም፤ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች ብዬ አላምንም። ጌሙ እናቴ ያለችበትን ክፍል አሳየኝ ብዬ ስነግራት፣ «ያን ለማየት ጠመንጃ መያዝ ነበረብህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ልጁ ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ያዘው። ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ለአያቱ እንግሊዝኛ ላስተምርሽ አላት። ሁለት ቃል ብቻ። ፖሊስ እንዲህ ብሎ ከጮኸ፣ እማማ፣ ባለሽበት ቁሚ፣ ነጠላሽን ተዪው፣ እጅሽን እንዲህ አድርጊ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አሳያት። እናቴ ሲኒውን ይዛ አየችው።

«እኔ ምን አጥፍቼ ነው እጄን የማነሣው?» አለች። «ይልቅ እነሱ ሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ እንደምን ዋላችሁ ይበሉ።»